የብጉር ጠባሳን በቤት ውስጥ ማደብዘዝ፦ ሎሚው ለምን ያጠቁራል?

ሠርግ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ ወይም ከዓመታት በኋላ አገር ቤት ለመግባት ትኬት ሲቆረጥ፣ በየቤቱ መስታወት ፊት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። ብጉሩ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የነበረበት ቦታ ግን ጠቁሮ ቀርቷል። በጉንጭና በአገጭ ላይ የተበተነውን ያን ጥቁር ነጥብ በምን ማጥፋት ይቻላል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሐኪም ቤት በፊት ከማድ ቤት ይመጣል። ሎሚ ተቆርጦ ፊት ይታሽበታል፤ እርድ በማር ይለወሳል፤ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ይበጠበጣል፤ የእሬት ቅጠል ተልጦ ዝልግልጉ ይቀባል። ምክሩን የሰጠችው እናት ወይም አክስት ልትሆን ትችላለች፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በስልክ ላይ ብቻ የምትታወቅ አንዲት ወጣት ናት።

ከእነዚህ መካከል ቆዳን የማይጎዱ አሉ፤ በጥቂቱ የሚያግዙም አይታጡም። አንዳንዶቹ ግን ሊያጠፉት የታሰበውን ጥቁረት ራሳቸው የሚፈጥሩ ናቸው። አንዱን ከሌላው ለመለየት አስቀድሞ «ጠባሳ» የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል፤ በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ነጥብና ስርጉድ

ዓይንን ጨፍኖ ጣትን በቀስታ በፊት ላይ ማሳለፍ ጥሩ መለያ ነው። ጣት ምንም ካላገኘ፣ ማለትም ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ከተለወጠ፣ ያ በሕክምና ቋንቋ ጠባሳ አይደለም፤ ቆዳው ተቆጥቶ ከበረደ በኋላ የቀረ የቀለም ክምችት ነው። ጣት ወደ ውስጥ የገባ ስርጉድ ወይም ወደ ውጭ ያበጠ ነገር ካገኘ እውነተኛው ጠባሳ ያ ነው። ሁለቱንም የያዘ ፊት ይኖራል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ሰውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

በላይኛው የቆዳ ንጣፍ መሠረት ላይ ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚያመርቱ ሕዋሳት ይገኛሉ። ብጉር ሲወጣ ቆዳው ይቆጣል፤ መቆጣቱ ለእነዚህ ሕዋሳት እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ቀለም አብዝተው ይሠራሉ፤ የሠሩትንም በጥቃቅን እሽጎች አድርገው በዙሪያቸው ላሉት የቆዳ ሕዋሳት ያድላሉ። የኢትዮጵያዊና የስዊድናዊ ቆዳ የሚይዘው ቀለም አምራች ሕዋስ በቁጥር ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በሥራው ትጋት ነው፤ የጥቁር ቆዳ ሕዋሳት ትላልቅ የቀለም እሽጎችን በብዛት ያመርታሉ፤ ለትንሹም ቁጣ ፈጥነው መልስ ይሰጣሉ። በአንድ ነጭ ሰው ፊት ላይ ለጥቂት ሳምንታት ቀልቶ የሚጠፋ ብጉር በሐበሻ ፊት ላይ ለወራት ጥቁር ማኅተም ትቶ የሚሄደው ስለዚህ ነው።

ቀለሙ በላይኛው ንጣፍ ላይ ከቀረ ቡናማ ወይም ጥቁር ይመስላል። ይህ ንጣፍ በየወሩ ገደማ ራሱን ስለሚያድስ ነጥቡ ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ይደበዝዛል። ወደ ታችኛው ንጣፍ ከሰረገ ግን ወደ አመድማ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ዓመታትንም ሊፈጅ ይችላል።

ስለ ቤት ውስጥ መድኃኒቶች ዝና ይህ ሐቅ ብዙ ይናገራል። ነጥቡ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ፣ በዚያ ወቅት የተቀባው ማንኛውም ነገር የምስጋናው ባለቤት ይሆናል። ስምንት ወር ሙሉ ማር የተቀባች ሴት ነጥቧ ሲጠፋ ማሩን ታመሰግናለች። ምንም ያልተቀባችው ጎረቤቷም በዚያው ጊዜ ብትድን ማንም ቪዲዮ አይሠራላትም።

ስርጉዱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ጠልቆ የመገለ ብጉር ቆዳን ከታች ደግፎ የያዘውን ኮላጅን የተባለ ክር መሰል ፕሮቲን ያፈርሳል። ጥገናው ሳይሞላ ሲቀር ከላይ ያለው ቆዳ ይሰረጉዳል። አንዳንዱ በመርፌ የተወጋ ያህል ጠባብና ጥልቅ ነው፤ አንዳንዱ ሰፋ ብሎ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላው ደግሞ ቆዳው ከሥር በክር እንደ ተሳበ ሁሉ እንደ ማዕበል ይወርድና ይወጣል። ከማድ ቤት መጥቶ እዚያ ጥልቀት ድረስ የሚደርስና የፈረሰውን የሚሠራ ነገር የለም። በተቃራኒው ጥገናው ከልክ አልፎ ቆዳው የሚያብጥበት ኬሎይድም አለ። በደረት፣ በትከሻና በመንጋጋ ጠርዝ ላይ ይበዛል፤ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድም ከሌሎች ይልቅ ይታያል። እርሱን መፈግፈግና ማሸት ማባባስ ነው።

ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ

ከቤት ውስጥ መድኃኒቶች ሁሉ ሎሚን የሚያህል ዝነኛ የለም። ብረት ድስትን የሚያጠራ፣ ከልብስ ላይ እድፍ የሚያስለቅቅ ፍሬ የፊትንም ጥቁረት ያነሣል ብሎ ማሰብ ለማንም የሚከብድ አይደለም። ችግሩ ቆዳ ድስት አለመሆኑ ነው።

የቆዳ ገጽ በተፈጥሮው በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ በፒኤች መለኪያ 5 ገደማ ይሆናል። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። በዚህ መለኪያ ላይ እያንዳንዱ ደረጃ የ10 እጥፍ ልዩነት ስለሚያሳይ፣ ሎሚ ከቆዳ ገጽ 1 ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጥ አሲዳማ ነው ማለት ነው። ሲቀቡት የሚሰማው ማቃጠል «እየሠራ ነው» ተብሎ ይተረጎማል። እውነት ነው፤ እየሠራ ነው። ቆዳውን እያስቆጣ ነው፤ የተቆጣ ጥቁር ቆዳም መልሱ ከላይ እንደ ተነገረው ቀለም ማምረት ነው።

ከአሲዱ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ሎሚና ዘመዶቹ፣ በተለይ በልጣጫቸው ውስጥ፣ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶችን ይይዛሉ። እነዚህ ውህዶች በቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥላሉ። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ውኃ ይቋጥራል። ሰዉ ከትናንት በስቲያው ሎሚ ጋር ሳያያይዘው ይቀራል። ከዳነ በኋላ ደግሞ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ደጅ ተቀምጠው ሎሚ ሲጨምቁ የዋሉ የመጠጥ ቤት አስተናጋጆች እጃቸው ተቃጥሎ ወደ ሐኪም የሚሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ሊነገር የሚገባው አንድ ታሪክ አለ። በዓባይ ሸለቆ በግብፅ ምድር የሚበቅል አንድ የዱር ተክል አለ፤ ከጥንት ጀምሮ ዘሩ ለምጽ ለወጣበት ሰው መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግብፃዊው የቆዳ ሐኪም አብደል ሞኔም ኤል ሞፍቲ ከዚህ ተክል የተለየውን ንጥር ውህድ ለለምጽ ሕሙማን ሰጥተው ፀሐይ እንዲሞቁ አደረጉ፤ ቀለም አጥቶ የነበረው ቆዳም መጥቆር ጀመረ። ከዚያ የተነሣው ሕክምና ውህዱን ከአልትራቫዮሌት መብራት ጋር አጣምሮ በዓለም ሆስፒታሎች ሁሉ ተስፋፍቷል። ውህዱ የፉራኖኩማሪን ቤተሰብ ነው። ሐኪሞች ነጭ የሆነን ቆዳ ለማጥቆር የሚጠቀሙበት ነገር የቅርብ ዘመድ፣ ጥቁረትን ለማንጣት ተብሎ በየቤቱ ከሎሚ ልጣጭ ጋር ፊት ላይ ይታሻል።

«ሎሚ ግን ቫይታሚን ሲ አለው» የሚል ክርክር ይነሣል። አለው። በ100 ግራም ጭማቂ ውስጥ ያለው ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። ለፊት ተብለው በተዘጋጁ የቫይታሚን ሲ ቅባቶች ዘንድ የተለመደው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ ይህ በ100 ግራም ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ሚሊግራም ማለት ነው። በሎሚ ይህን ለመተካት መሞከር ጥቅሙን ትቶ ጉዳቱን ብቻ መቀባት ነው። ሎሚው ለዓሣውና ለሻዩ ይቆይ።

ማሩ፣ እሬቱና ሌሎቹ

ቤኪንግ ሶዳ የሎሚ ተቃራኒ ነው፤ ፒኤቹ ከ8 በላይ ነው። ቆዳ ራሱን ከጀርምና ከድርቀት የሚጠብቅበትን ስስ አሲዳማ ሽፋን ያፈርሳል፤ ቅንጣቶቹም ይፈገፍጋሉ። የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ኢናሜል እንጂ ለጉንጭ አልተሠራም፤ በውስጡ ያለው አረፋ ሰጪና ሚንት ቆዳን ያስቆጣሉ። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ቆዳ ላይ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ በዚህ የቆሰሉ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተደጋግመው ተዘግበዋል። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ብዙ መነጋገር አያስፈልግም።

ማር ይበልጥ ክብር ይገባዋል። ባክቴሪያን የማዳከም ችሎታው የታወቀ ነው፤ ለሕክምና የተዘጋጀ ማር ለቃጠሎና ለቁስል በሆስፒታል ያገለግላል። በብጉር ላይ ግን ሲፈተን ያን ያህል አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በኒው ዚላንድ የተካሄደ ጥናት ለሕክምና የተዘጋጀ ካኑካ የተባለ ማር በፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ላይ ተጨምሮ ከሳሙናው ብቻ የተሻለ ውጤት ያመጣ እንደ ሆነ መርምሮ፣ ልዩነት የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ማር ፊትን አይጎዳም፤ ያለሰልሳል፤ ነጥብን ግን አይፍቅም። የሎሚ ጠብታ ካልተጨመረበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን ማር ቀብታ የምትቀመጥን ሴት የሚከለክል ምክንያት የለም።

እሬትም እንዲሁ ነው። የቅጠሉ መካከል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ የተቆጣን ቆዳ ያበርዳል፤ እርጥበት ይሰጣል። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ያሳክካል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ተቆርጦ ፈሳሹ እስኪንጠፈጠፍ ማቆምና አጥቦ መላጥ ያሻል። በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የሚበቅሉት የእሬት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ በመዋቢያ ዕቃዎች ላይ ከሚታየው ዝርያም ይለያሉ። በመጀመሪያ ክርን ውስጥ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን ጠብቆ ማየት ብልህነት ነው። እርድ ደግሞ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ለነጥብ ያለው ማስረጃም ጥቂት ነው። ለሁለት ቀን ፊትን ቢጫ ማድረጉ ግን ማስረጃ አያሻውም።

ብዙዎች የማይጠረጥሩት አንድ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ኢ። እንክብሉ በመርፌ ተበስቶ ዘይቱ ጠባሳ ላይ ይቀባል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከማያሚ የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው 15 ሰዎች ጠባሳ ላይ ቫይታሚን ኢ ያለውንና የሌለውን ቅባት ጎን ለጎን አነጻጽሮ ነበር። ከ100 በ90ው ቫይታሚኑ ምንም አልለወጠም ወይም ጠባሳውን አባሰው፤ ከተሳታፊዎቹም ሲሶው በቅባቱ ምክንያት ቆዳቸው ተቆጣ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ለዘይቱ ዝና የሚመች አይደለም።

ከቅባት ጋር በተያያዘ ስለ ፀጉር ቅቤም አንድ ቃል ያስፈልጋል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970 ፀጉራቸውን ወፍራም ቅባት በሚቀቡ ሰዎች ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ የሚወጣ ልዩ የብጉር ዓይነት መኖሩን ጽፈዋል። ቅባቱ ከፀጉር ወርዶ የቆዳን ቀዳዳ ይደፍናል። ሹሩባ ተሠርታ ቅቤ የተቀባች ልጃገረድ ግንባሯ ላይ ብቻ ብጉር ቢወጣ፣ ምክንያቱ ከምግብ ይልቅ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ቅቤው ይቅር ማለት አይደለም፤ ሌሊት ፀጉርን በሻሽ አስሮ ግንባርን መጠበቅ፣ ጠዋትም ፊትን በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል።

የአያቶች ዣንጥላ

በቤት ውስጥ ከሚደረገው ሁሉ ለነጥቡ ይበልጥ የሚጠቅመው ከማድ ቤት አይመጣም። ነጥብን ከፀሐይ መጋረድ ነው። ብርሃን ቀለም አምራቾቹን ሕዋሳት ዕለት ዕለት ይቀሰቅሳቸዋል፤ ሊደበዝዝ የጀመረው ነጥብ እንደ ገና ይታደሳል። ማታ ማታ ውድ ቅባት እየቀቡ ቀን ፊትን ለፀሐይ መስጠት በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

«ጥቁር ቆዳ የፀሐይ መከላከያ አያሻውም» የሚለው አባባል ከፀሐይ ቃጠሎ አንጻር ከፊል እውነት አለው። ከነጥብ አንጻር ግን ተቃራኒው ነው። በዲትሮይት በሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሥራ ለዓይን የሚታየው ተራ ብርሃን እንኳ ጠይምና ጥቁር ቆዳን ረዘም ላለ ጊዜ የሚያጠቁር መሆኑን አሳይቷል። በነጭ ቆዳ ላይ ያው ብርሃን ያን ለውጥ አላመጣም። የተለመዱት የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች አልትራቫዮሌትን እንጂ የሚታየውን ብርሃን እምብዛም አይከለክሉም። የሚታየውን ብርሃን የሚያግደው የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ ቡናማ ቀለም ያለው መከላከያ ነው። ይህ ሌላም ችግር ይፈታል፤ ነጩ መከላከያ በጠይም ፊት ላይ አመድ የተነፋ አስመስሎ ስለሚታይ ብዙዎች የሚተዉት በዚያ ነው። ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን መርጦ፣ በሁለት ጣቶች ርዝመት ልክ አውጥቶ ፊትና አንገትን መቀባት፣ ውጭ ሲዋል በየሁለት ሰዓቱ መድገም የተለመደው ምክር ነው።

የመኖሪያ ቦታም ልዩነት ያመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር በእያንዳንዱ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው የፀሐዩን ኃይል አይታዘብም። በኦስሎ ወይም በሚኒያፖሊስ ክረምት ፊቷ የጠራ ወጣት ለገና አገር ቤት ገብታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጥቧ ሲመለስ ውኃው ወይም አቧራው ነው ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ፀሐዩ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሙቀቱ ሰውን ቤት ውስጥ ያውለዋል፤ ሆኖም ተራ የመስኮት መስታወት ቃጠሎ የሚያመጣውን ጨረር አብዛኛውን ቢያስቀርም፣ ሌላውን የአልትራቫዮሌት ክፍልና የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል። በመኪና መስኮት በኩል ያለው ጉንጭ ከሌላው ይበልጥ የሚጠቁርባቸው ሾፌሮች ይህን ያውቁታል።

ቅባቱን መግዛት የማይችል ሰው ምንም አልቀረበትም ማለት አይደለም። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ዣንጥላ ከየትኛውም ቅባት ጋር አብሮ ይሄዳል። እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከገበያ ሲመለሱ ዣንጥላ ዘርግተው፣ ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው የሚሄዱት ለፊታቸው ከሎሚ የሚበልጥ ነገር እያደረጉ ነው።

ሁለተኛው ከቤት የሚገኝ መድኃኒት እጅን መሰብሰብ ነው። ብጉርን መጭመቅ መግሉን ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ይገፋዋል፤ ቁጣው ይሰፋል፤ ነጥቡም ይሰፋል፤ ስርጉድም የሚመጣው እንዲህ ነው። ለወንዶች ተመሳሳዩ ፈተና ምላጭ ነው፤ ከሥር ተላጭቶ ወደ ቆዳ ውስጥ ተመልሶ የሚበቅለው ጠጉር ራስን አንገት ላይ የሚያጠቁር ቁጣ ይፈጥራል። ጺምን ጥቂት አስረዝሞ በማሽን መከርከም ይህን ያቃልላል።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ብዙ ወጪ የሚገኙና በጥናት የተደገፉ ቅባቶችም አሉ። አዜላይክ አሲድ አንዱ ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ ይህ ውህድ ብጉሩንም ነጥቡንም በአንድ ጊዜ ይዋጋል፤ በእርግዝና ጊዜም በአብዛኛው እንደ ደኅና ይቆጠራል። ናያሲናማይድ የቀለም እሽጎቹ ወደ ጎረቤት ሕዋስ የሚሻገሩበትን መንገድ ያጠብባል። አዳፓሊን ደግሞ የቆዳን እድሳት ያፋጥናል፤ በአሜሪካ ከ2016 ጀምሮ 0.1 በመቶ የሆነው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን ትእዛዝ ይጠይቃል። አዳፓሊን የሚቀባው ማታ ነው፤ የአተር ፍሬ የምታህል ለመላው ፊት ትበቃለች፤ መጀመሪያ በየሦስት ሌሊቱ ማድረግ ይሻላል። የቸኮለ ሰው ፊቱ ይላጣል፣ ይቀላል፤ ከዚያም በመቆጣቱ ምክንያት ይጠቁራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ የምታስብ ሴት ልትጠቀምበት አይገባም።

በሁለት ሳምንት የሚያነጣው ክሬም

ትዕግሥት ያለቀበት ሰው የሚደርስበት ሌላ መደርደሪያ አለ። በየሰፈሩ የውበት ዕቃ ሱቅ፣ በሻንጣ ተይዞ በሚመጣ ዕቃ፣ በስልክ በሚሸጡ ስም አልባ ብልቃጦች ውስጥ በሁለት ሳምንት «የሚያጠሩ» ክሬሞች ይገኛሉ። በእርግጥም በሁለት ሳምንት ያጠራሉ። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የተባለ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ፊት ይነጣል፤ ብጉሩ ይከስማል፤ ያየ ሁሉ ያደንቃል። ከወራት በኋላ ግን ቆዳው ይሳሳል፤ የደም ሥር ክሮች ይታያሉ፤ ክሬሙ ሲቋረጥ ደግሞ ብጉሩ ከበፊቱ በርትቶ ይመለሳል። ያን ጊዜ ክሬሙን እንደ ገና መቀባት ይጀመራል፤ ወጥመዱም ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ የተጠቀመች ሴት ይህን ለሐኪም ሳትደብቅ መናገርና እንዴት እንደምታቆም መጠየቅ አለባት።

ሃይድሮኪኖን በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት ሲሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። ያለ ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ግን ሰማያዊ ጥቁር የሆነ፣ ለማንሣት እጅግ የሚያስቸግር ቀለም ያመጣል። ይህን ጉዳት የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ቆዳ ማንጫ በተቀቡ ሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 ገልጸውታል። የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖንን ከቆዳ ማንጫ መዋቢያዎች ከ2001 ጀምሮ አግዷል፤ በአሜሪካም ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ተደርጓል።

ከሁሉ የከፋው ሜርኩሪ ነው። ርካሽ ነው፤ ቆዳን ያነጣል፤ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶም ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። በፎጣና በትራስ ጨርቅ ወደ ቤተሰብ ይተላለፋል፤ ክሬሙን ራሳቸው ያልተቀቡ ሕፃናት ተመርዘው የተገኙበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ ያላቸውን የቆዳ ማንጫዎች ማምረትንና ከአገር አገር ማዘዋወርን ይከለክላል፤ ንግዱ ግን አልቆመም። የይዘት ዝርዝር ያልተጻፈበት፣ አምራቹ የማይታወቅ፣ ወይም «ካሎሜል» የሚል ቃል ያለበት ክሬም ለማንም ፊት አይሆንም። እዚህ ላይ ትልቁ ጉዳይ የፊት ውበት አይደለም፤ ነጥቡን ብቻ ልታጠፋ ተነሥታ የቤተሰቧን ጤና የምታጣ እናት አለች።

ስርጉዱን ማን ይሞላዋል?

ለእውነተኛው ስርጉድ የሐኪም እጅ ያስፈልጋል። ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች በመውጋት ኮላጅን እንዲያመርት መቀስቀስ፣ ወደ ታች የሚስበውን ክር ከሥር በመርፌ መቁረጥ፣ በጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ጠንካራ አሲድ በጥንቃቄ ማኖር፣ ሌዘር፤ ሁሉም ያሻሽላሉ፣ ፈጽመው ግን አያጠፉም። በጥቁር ቆዳ ላይ ሌዘር በባለሙያ እጅ ካልሆነ ቃጠሎና አዲስ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሐኪሙ የጥቁር ቆዳ ልምድ እንዳለው መጠየቅ ነውር የለበትም። በኢንተርኔት የሚሸጠው በመርፌ የተሞላ ተሽከርካሪ ግን ከቤት ይራቅ፤ ብጉር ባለበት ፊት ላይ ሲንከባለል ጀርምን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያደርሳል።

የትኛውም ሕክምና የሚጀመረው ግን ብጉሩ ከቆመ በኋላ ነው። አዲስ እየወጣ አሮጌውን መጠገን አይቻልም። በዚህ ረገድ ወላጆች የሚናገሩት አንድ ቃል ብዙ ስርጉድ አስከትሏል፦ «ዕድሜው ነው፤ ይተወዋል»። ለቀላል ብጉር እውነት ሊሆን ይችላል። ጠልቆ ለሚያብጥ፣ ለሚያምና ለሚመግል ብጉር ግን እያንዳንዱ የዘገየ ወር የማይመለስ ኮላጅን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ብጉር አይሶትሬቲኖይንን የመሰሉ ጠንካራ መድኃኒቶች አሉ። ይህ መድኃኒት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰድም። የ15 ዓመት ልጅ ፊቱን እየሸሸገ ከክፍል ጓደኞቹ ሲርቅ ማየት ብቻውን ወደ ሐኪም ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና የሚሰጥበትና ሐኪሞችም የሚሠለጥኑበት የቆየ ማዕከል ነው፤ በውጭ ያሉትም ወደ ቆዳ ሐኪም ለመድረስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቤተሰብ ሐኪማቸው ነው።

በቤት ለሚሞክር ሰው አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ፎቶግራፍ ነው። በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ማሳመሪያ የተነሣ ፎቶ ከየዕለቱ መስታወት ይልቅ እውነቱን ይናገራል። መከላከያውንና አንድ ቅባት ብቻ መርጦ ለ12 ሳምንታት ከተጠቀሙ በኋላ አራቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ነጥቡ ከደበዘዘ መቀጠል ነው። ካልደበዘዘ፣ ወይም ቀለሙ አመድማ ሰማያዊ ከሆነ፣ ፎቶዎቹን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እስከዚያ ቀን ፊት ላይ ምን ምን እንደተቀባ ነው።